የባሕር ቀንድ አውጣና የነቀምቴ አረቄ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ያደግሁት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደጃፋችን ቆሜ የማየው ውሃ ማዶው ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብስ ውሃ ነበር። ማዶው የማይታይ ውሃ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው። እንዲህ ያለች ሴት ነቀምቴ ተቀምጣ ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ ልጻፍ ስትል ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም። አከራዬማ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት።

ነቀምቴ የመጣሁት በሥራ ምደባ ነው። በከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ከተማው ውስጥ ባለ ኮሌጅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኦሮምኛዬ ገበያ ያደርሰኛል፤ ከገበያ ሲያልፍ ይሰናከላል፤ ሰዎቹም ስሰናከል ሲያዩ በአማርኛ ይደግፉኛል። ኑሮዬ ኮሌጅ፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤት ነው። ዘመድ በሌለኝ ከተማ የሚጠብቀኝ ስሜ ብቻ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ሰው ስለ እኔ የሚያወራው ነገር እንዳይኖር ተጠንቅቄ ነው የኖርኩት። ያ ጥንቃቄ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ቢጫ ጄሪካን ምክንያት ፈረሰ።

ነገሩ የጀመረው ከኮሌጁ ዕቃ ቤት ነው። ተማሪዎች ለክረምት ሲበተኑ የክፍላችን ኃላፊ ጠሩኝ። የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ ነገርን አሳጥረው መጨረስ ይወዳሉ።

«ዕቃ ቤቱ ለኮምፒውተር ክፍል ተፈልጓል» አሉ። «አሮጌውን ሁሉ እናስወግዳለን። አንቺ የባዮሎጂውን እይልኝ። ስም ያለውና ለማስተማር የሚሆን ካለ አዲሱ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ስም የሌለው ጉድጓድ ይገባል። ለመስከረም ምዝገባ ኮሚቴ ይዤ እመጣለሁ።»

ገባሁ። እጁ የተሰበረ የፕላስቲክ አፅም፣ የተጠቀለሉ ካርታዎች፣ አቧራ። ከካርታዎቹ ጀርባ በታችኛው መደርደሪያ ላይ አፋቸው በሰም የታሸገ የመስታወት ማሰሮዎች ተደርድረው አገኘሁ። ፈሳሹ ከግማሽ በታች ወርዷል። በውስጡ ነጣ ያሉ፣ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት የሚመስሉ ለስላሳ ነገሮች ተኝተዋል። አንዱን ማሰሮ ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ውስጡ በእርሳስ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አለ፤ «ምጽዋ» ይላል። ሌላው «ዳህላክ» ይላል። ዱሮ በባሕሩ ዳር ያስተማሩ አንድ መምህር ወደዚህ ሲዛወሩ በሳጥን ይዘዋቸው እንደመጡ ነው የሚወራው፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እዚያው ብርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። በየዓመቱ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ዘመዶቹ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። የመሬቱን ቀንድ አውጣ ያውቁታል፤ ዛጎል የሌለውን፣ ክረምት ሲገባ ጎመን የሚበላውንም ያውቁታል። «የእነዚህ ዘመዶች ባሕር ውስጥ አሉ፤ ዛጎላቸውን ጥለው በቀለማቸው የተዋቡ» ስል ግን ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣል፤ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» ይላል። አላየሁም እላለሁ። እነሱም ደብተራቸው ላይ ይጎነበሳሉ፤ ተረት የሰሙ ያህል። ያን «አላየሁም» ማለት ሰልችቶኝ ነበር። አሁን እነዚያው የባሕር ቀንድ አውጣዎች በማሰሮ ሆነው እግር ሥሬ ተቀምጠው ለጉድጓድ ቀን ተቆርጦላቸዋል። አልሰጥም አልኩ በልቤ።

ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው ስም ነው።

የባሕር ቀንድ አውጣን ሰዎች የሚለዩት በቀለሙ ነው። ስልኬ ላይ ያሉት የመለያ መጻሕፍት ሁሉ በሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ ሰማያዊ ከጥቁር መስመር ጋር፣ ብርቱካናማ ጠርዝ፣ ደም የመሰለ ቀይ። አልኮል ግን ቀለም ይበላል። ማሰሮ ውስጥ ዓመታት የኖረ ፍጥረት ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያለው። ልብሱን ተገፎ የቀረበልኝን ሰው ስሙን ንገሪ እንደመባል ነው። የቀረኝ መንገድ አካላቸውን ማየት ነው፤ የሚተነፍሱበት ስንጥብ የት እንደበቀለ፣ ቀንዶቻቸው እንዴት እንደቆሙ፣ አፋቸው ውስጥ ምን እንዳለ።

ይህንን ለኃላፊያችን ስነግራቸው ሳቁ።

«ቲቸር፣ ከኢንተርኔት አንድ አንድ ስም አውርደሽ ለምን አትለጥፊባቸውም? ኮሚቴው ውስጥ ባሕር የሚያውቅ ማን አለ?»

«ስም መለጠፍ መመስከር ነው» አልኳቸው። «ያላየሁትን አልመሰክርም።»

«እናንተ ጾመኞች ነገር ማክበድ ትወዳላችሁ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቅር አላለኝም። እሳቸው ሲቀልዱ ነው፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሁለተኛው ችግር ፈሳሹ ነው። ማሰሮዎቹ እየደረቁ ነበር፤ አንዱ እንዲያውም ደፍርሶ መሽተት ጀምሯል። ቤተ ሙከራችን ውስጥ አልኮል አልቋል። ከአዲስ አበባ ታዞ ነበር፤ መንገዱ ግን ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ፋርማሲዎቹን ዞርኩ፤ ያላቸው ለቁስል የሚሆን ትንንሽ ጠርሙስ ነው። አንዷ ፋርማሲስት ስንት ማሰሮ እንዳለኝ ስትሰማ «ይሄ ለአንቺ ምኑም አይደለም» ብላ መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

መፍትሔውን ሳያውቁት የሰጡኝ አከራዬ ናቸው። አዴ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚባለውን። ፕሮቴስታንት ናቸው፤ መጠጥ የሚባል ነገር በደጃቸው ሲያልፍ አፍንጫቸውን የሚይዙ። አንድ ማለዳ ልብስ እያሰጣን ስለ ሰፈሩ ያማርራሉ።

«ታች ያለችው፣ ከጊዳ አያና ተፈናቅላ የመጣችው ሴትዮ፣ አረቄ ታወጣለች» አሉ። «ክብሪት ሲነካው እንደ ላምባ ነው አሉ የሚነደው። የሰው ሆድ ምን ይሆናል በይ ቲቸር?»

የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «በእውነት ይነዳል?» አልኳቸው።

«ይነዳል። ምነው ዓይንሽ በራ?»

አረቄ ቤት ከመሄዴ በፊት የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። ሁለት ነገር ነበር ያስጨነቀኝ። ባሕር ውስጥ ኖሮ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ፍጥረት በሕጉ ርኩስ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ልነካው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍልሰታ ሊገባ አረቄ ልገዛ ነው። ቅጥሩ ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ቆመው ሰሙኝ።

«ልትበዪው ነው?» አሉ።

«ኧረ አባቴ!»

«አረቄውንስ ልትጠጪው ነው?»

«አልጠጣም።»

«እንግዲያ የፈጠረውን ብታዪለት ምን ይለናል?» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «ብቻ ሰው ያይሻል። እሱን አስቢበት።»

አሰብኩበት። ጄሪካኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ።

አረቄ የምታወጣው ሴት ቤት ግቢው ጭስ ጭስ ይላል። ሲያዩዋት በእኔና በእናቴ ዕድሜ መካከል ያለች ናት። ወላጆቿ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ አያና ተወልዳ አያና ያደገች፣ ወሎን በዓይኗ ያላየች ናት፤ አነጋገሯ ግን የእናቴ ነው። ሰላምታዬን ስሰጣት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ» አለች። «ከወዴት ነሽ?»

«ከሐይቅ።»

«እሰይ። እናቴ ስለዚያ ውሃ ስታወራ ዓለም ሁሉ እዚያ ያለ ይመስላት ነበር፤ ነፍሷን ይማርና። በውነት ያን ያህል ነው?»

«ያን ያህል ነው።»

«ግቢ እንግዲህ። ምን ፈልገሽ ነው? ጠጪ አትመስዪም።»

ነገርኳት። የባሕር ቀንድ አውጣዎች እንዳሉኝ፣ ፈሳሻቸው እንደደረቀ፣ የኔ ፍላጎት ተራውም ዳግሙም አረቄ ሳይሆን ከዚያ የበረታ እንደሆነ። ተራ የሚባለው አንዴ የወጣው ነው፤ ዳግም ደግሞ ተመልሶ ሁለተኛ የወጣው። ዳግሙ ሰው ያሰክራል እንጂ ለስላሳ አካል ከመበስበስ አያድንም። ከማሰሮዎቹ አንዱን፣ ደህና የቆየውን፣ ይዤላት ሄጄ ነበር። ከፍ አድርጋ አየችው።

«አልቅት ነው?»

«አይደለም። የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። ዛጎሉን ጥሎ ነው።»

«ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነዋ» አለች፤ ማሰሮውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ሴት ነው ወንድ?»

«ሁሉም ሁለቱንም ነው።»

«ታዲያ ሽማግሌ የሚልከው ማን ነው?» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የሳቅሁት ብዙ ቀን አይደለም።

ዳግሙን አረቄ እንደገና ወደ ጋኑ መለሰችው። ክዳኑን በሊጥ አሸገችው፤ ከክዳኑ የወጣው የሸምበቆ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው ዕቃ ያመራል። ውሃው ሲሞቅ እየቀየርን፣ እሳቱ እንዳይበረታ እንጨቱን እያወጣን ጠበቅን። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ነው ብርቱው፤ ጠብታው እየሰነፈ ሲሄድ ይቆረጣል። እኔ ከቤተ ሙከራ ያመጣሁትን የአልኮል መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሳንሳፍፍ እሷ ደግሞ በጣቷ ጫፍ ነክራ ክብሪት ጫረች። ጣቷ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። የእኔም መለኪያ ከሰባ በመቶ ጥቂት አለፍ ብሎ ቆመ። የሚያስፈልገኝ ይኸው ነበር።

«ደግመሽ ነይ» አለችኝ ስትሸኘኝ። «ለጠጪ ከማውጣት ለነዚህ ማውጣት ይሻለኛል።»

የደፈረሰው ማሰሮ ግን አልዳነም። ስከፍተው ውስጡ ያለው ከጣቴ መሃል ፈሰሰ። ጉድጓዱን ራሴው ቆፍሬ ከግቢው አጥር ሥር ቀበርኩት። ሌሎቹን ደረጃ በደረጃ፣ መጀመሪያ በላላ፣ ቀጥሎ በበረታ ፈሳሽ አራስኳቸው፤ በአንዴ ብርቱ ውስጥ የገባ ለስላሳ አካል ይጨማደዳልና። የመስታወት ክዳኖቹን በሻማ አሸግሁ።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። አንድ ጠዋት አዴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ሰላምታቸው አጠረ።

«ቲቸር፣ ሰው አረቄ ቤት አየሁሽ አለኝ። ውሸታም አልኩት።»

«አልዋሸም፣ አዴ። ሄጃለሁ።»

«እናንተ ኦርቶዶክሶች ትጠጣላችሁ ሲሉ እኔ አንቺን እየጠራሁ ነበር የምከራከር» አሉ። «እሷን እዩ እላለሁ፤ ከበሬዬ በላይ ጭምት ናት እላለሁ። አሁን ምን ልበል?»

«የባሕር ቀንድ አውጣ ልታጠጣ ነው በሉ።»

ያኔ ነው ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት። ሲስቁ ቆይተው ሳቃቸው ቀስ እያለ ወደ ጥርጣሬ ተመለሰ። «ውሸት እንኳ ሲዋሽ ይኼን አይመስልም» ብለው ገቡ፤ ያመኑኝም ያላመኑኝም አልመሰለኝም።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች ደግሞ የባሱ ነበሩ። የፍልሰታ ጸሎት አልቆ ስንወጣ አንዷ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ድምፅዋ የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር።

«እህቴ፣ ከሀገር መራቅ ከባድ ነው። ብቸኝነት ሰውን ብዙ ነገር ውስጥ ያስገባል። እኛ አለን፤ ጠበል የሚወስድሽ ሰው እንፈልጋለን።»

ስለ ማሰሮዎቹ አስረዳኋት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ስጨርስ ክንዴን መታ መታ አድርጋ፣ «ይሁን፣ ይሁን» አለችኝ። በዚያች «ይሁን» ውስጥ ስሜ ምን እንደሆነ ገባኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በጣም አዘንኩ። መተው እችል ነበር። ማሰሮዎቹን ቀብሬ፣ ኃላፊዬን አልተቻለም ብዬ፣ ወደ ጥንቃቄዬ መመለስ እችል ነበር። ጸሎቴን አድርሼ ሳበቃ ግን የታየኝ ነገር ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ሲጎነበሱ ነው። ጠዋት ተነስቼ ኮሌጅ ሄድኩ።

የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታ ነበር የምሠራው። ከተማሪዎቹ ማይክሮስኮፖች ደህናውን መርጬ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ መብራት ሲጠፋ በሰማዩ ብርሃን እንድሠራ። ስለ ውስጥ አካላቸው የተጻፉትን ጽሑፎች ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ሁሉ ትንሽ በትንሽ አወረድኩ።

ትልቁ ቶሎ እጅ ሰጠ። ዳርና ዳሩ እንደ ተጠቀለለ ቂጣ የታጠፈ፣ መዳፍ የሚሞላ አካል ነው። የብዙዎቹ ዘመዶቹ ስንጥብ ከጀርባ በስተኋላ እንደ አበባ ክብ ሠርቶ ይበቅላል፤ ሲፈራም ሙሉ አበባው አንድ ኪስ ውስጥ ይገባል። የዚህ ግን ስንጥቦቹ ለየብቻቸው ከጀርባው ቆዳ የበቀሉ ናቸው፤ የጋራ ኪስ የላቸውም። በመርፌ ጫፍ እየገለጥኩ ኪሱን ፈለግሁ፤ የለም። ሄክሳብራንከስ ነው፤ ስሙ ራሱ ስድስት ስንጥብ ማለት ነው። በሕይወት ሳለ ቀይ ነበር፤ ሲዋኝ እንደ ጨፋሪ ቀሚስ ይንሳፈፋል ይላሉ ያዩት። ከቀይ ባሕር ጀምሮ ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ እስከ ፓሲፊክ ይኖራል። «ምጽዋ» የሚለው ወረቀት ከዚህ ጋር አይጣላም።

ሁለተኛው ጆሮ የመሰሉ ሁለት ቀንዶች አሉት፤ በሌላ አገር የባሕር ጥንቸል የሚሉት አፕሊሲያ ነው። ጀርባውን በጣቴ ስዳብስ ከቆዳው ሥር ስስ፣ እንደ ጥፍር የሚታጠፍ ነገር ተሰማኝ። ዛጎል ነው። ሌሎቹ ጥለውት የሄዱትን ይሄ ወደ ውስጡ ከቶ፣ አሳንሶ፣ ይዞት ቀርቷል። እጄን አንስቼ ደግሜ ዳበስኩት። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ትንንሾቹ አስቸገሩኝ። ስንጥባቸው ኪስ ውስጥ የሚገባ ብዙ ወገኖች ናቸው፤ ያለ ቀለም አንዱ ካንዱ የሚለየው በጥርስ ነው። እነዚህ ፍጥረታት ምላሳቸው ላይ በረድፍ የተደረደሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥርሶች አሏቸው፤ እንደ ሞረድ። ጥርሱን ለማግኘት ከአፍ ውስጥ የሚወጣውን ሥጋ በኮስቲክ ሶዳ ማሟሟት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ከሳሙና ሠሪዎች አገኘሁ። ሥጋው ሲሟሟ የሚቀረውን መስታወት ላይ አድርጌ ስመለከት ረድፍ ረድፍ፣ መንጠቆ መንጠቆ ሆኖ ተዘርግቶ አየሁት። የእግዚአብሔርን እጅ ለማየት የግድ ባሕር ድረስ መሄድ እንደማያስፈልግ ያኔ ገባኝ። በጥርሳቸው አስደግፌ እስከ ወገናቸው ስም ደረስኩ።

የመጨረሻው ማሰሮ ነው የፈተነኝ። ሁለት ናቸው፤ ጀርባቸው ጠንካራና ጉብታ ጉብታ፣ እንደ ቅል ቆዳ። በጀርባቸው ላይ ስንጥብ የሚባል የለም። ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ደግሞ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ነበር፤ አልኮሉ ቀለሙን አጥቦ ወስዶታል። ቦታው ጠፍቷል።

የአንዱን አፍ ከፍቼ ሶዳ ውስጥ ከተትኩ። መስታወቱ ላይ ምንም የለም። ጥዬው ነው ብዬ ጠረጴዛውን፣ ሳህኑን፣ የመርፌውን ጫፍ ሁሉ በአጉሊ መነጽር አሰስኩ። ሶዳውን አብዝቼበት በላው ብዬ ተቆጨሁ። አንድ ብቻ ቀርቶኛል። እሱንም ካበላሸሁት ማስረጃ የለኝም። ጾሜን ሳልፈታ ተነስቼ ቤት ሄድኩ፤ እጄ እንዲረጋ።

በነጋታው መጀመሪያ ከትንንሾቹ አንዱን በዚያው ሶዳ፣ በዚያው ልክ አሟሟሁት። ጥርሱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ጥፋቱ የሶዳው አይደለም። ከዚያ አማተብኩና የቀረውን አንዱን ከፈትኩ። ባዶ። አሁን ግን አልደነገጥኩም። ሰውነቱን ገልብጬ ከሥር አየሁት፤ ከጀርባ የጠፋው ስንጥብ በካባው ጠርዝ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደርድሯል። የቆሻሻው መውጫም በጀርባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህን ለመጻፍ ትንሽ ባፍርም ለመለየት ግን ዋና ምልክት ነው። ጥርስ ጠፍቶብኝ አልነበረም። ቀድሞም ጥርስ የለውም። ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት በአፉ ፈሳሽ አሟሙቶ የሚመጥ፣ ማኘክ የማያስፈልገው ፍጥረት ነው፤ ፊሊዲያ።

ወገኑን አገኘሁ። ዝርያውን ግን አልቻልኩም፤ የቀለሙ ንድፍ ደብዝዟል፤ ወገኑ ደግሞ ከቀይ ባሕር እስከ ሩቁ ፓሲፊክ የተበተነ ነው። ቦታው እንኳ ቢታወቅ ኖሮ ሊረዳኝ ይችል ነበር። በእርሳስ እንዲህ ጻፍኩ፦ ፊሊዲያ፤ ዝርያው አልተለየም፤ የተገኘበት ቦታ አልታወቀም።

ኮሚቴው በምዝገባው ሳምንት መጣ። ኃላፊያችንና ሁለት መምህራን ናቸው። ማሰሮዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጠበቅኳቸው። ኃላፊያችን የመጀመሪያውን ከፍተው ጠጋ አሉ፤ ቀና ሲሉ ቅንድባቸው ተነስቶ ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ አረቄ ነው።»

«ነው።»

«መንግሥት ቤት ውስጥ?»

መለኪያውን ሰጠኋቸው። ራሳቸው አንሳፈፉት፣ ራሳቸው አነበቡት። ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ የፊዚክስ ሰው ቁጥር ሲያይ እንደሚለወጠው።

«ማናት ይቺን ያወጣችው?» አሉ አንደኛው መምህር።

«አንነግርህም» አሉ ኃላፊያችን፤ «ነገ አንተ እዚያ ነህ።»

ወደ መጨረሻው ማሰሮ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበቡት።

«አልተለየም። አልታወቀም። ስም የሌለው ጉድጓድ ይገባል ብለን የለም?»

«ስም አለው» አልኩ። «የአባቱ ስም ታውቋል። ያልታወቀው የራሱ ስም ነው።»

«ከሌሎቹ ጋር አይደል የመጣው? ምጽዋ ብለሽ ጻፊና እንለፈው።»

«ብጽፍ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እኔን አምኖ ይሳሳታል። አልጽፍም። ጉድጓድ ይግባ ከተባለ እንደዚሁ ይግባ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ተሰማኝ። እዚያ ከተማ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ማይክሮስኮፑን ወደ እሳቸው ገፋሁ። መጀመሪያ የትንሹን ጥርስ አሳየኋቸው፤ ረድፎቹን ሲያዩ መቁጠር ጀመሩ። ቀጥሎ የፊሊዲያን መስታወት አደረግሁላቸው።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ሁለተኛውንም ይዩ።»

«ይሄም ባዶ ነው።»

«በአንድ ሶዳ፣ በአንድ ልክ የተሠሩ ናቸው። የዚያ ወጣ፤ የእነዚህ አልወጣም። ባዶነቱ ነው ምልክቱ።»

ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ጽሑፉን እንደገና አዩት። «ይሁን» አሉ። ይቺ «ይሁን» ከቤተ ክርስቲያኑ «ይሁን» የተለየች ነበረች። «እንደተጻፈ ይውጣ። መደርደሪያው ላይ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ስጧቸው።»

ትምህርት ሲጀመር ያቺን ምዕራፍ ሰሌዳ ላይ አልሣልኩም። ማሰሮዎቹን አወጣሁ። ሲከፈቱ ክፍሉ አረቄ አረቄ ሸተተ፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከኋላ አንዱ «ዛሬ ሰርግ አለ» አለ። ከኡኬ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?»

«ባሕሩን አላየሁም» አልኳት። «ይሄንን ግን አይቻለሁ። ነይ፣ ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊ።»

የአፕሊሲያው ጀርባ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ትንሽ ፈራች፤ ከዚያ ስሱን ዛጎል አገኘችው። ጓደኛዋን በክንዷ ስባ አመጣቻትና የጓደኛዋን ጣት እዚያው ቦታ ላይ አደረገች።

አልኮል ምንም ቢታሸግ እየተነነ ይጎድላል። ስለዚህ ማሰሮዎቹ ሲጎድሉ እየሞላሁ እኖራለሁ። አሁን አረቄ ወደምታወጣው ሴት ቤት ስሄድ ቀን በቀን፣ በዋናው መንገድ ነው የምሄደው፤ ጄሪካኑም ከነጠላዬ ሥር አይደለም። እሷም አንድ ቀን ልብሷን ቀይራ ኮሌጅ መጥታ ሁሉንም አየቻቸው፤ ዛጎሉን የያዘው ላይ ነው ብዙ የቆየችው። ከማኅበራችን ሴቶች አንዳንዶቹ እስካሁን ያዝኑልኛል። ምን አደርጋለሁ፤ ይዘኑ።

ባለፈው ጄሪካኔን ሞልቼ ስመለስ አዴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ከደጅ ቁመው ያወራሉ። ሴቶቹ ጄሪካኑን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አዴ ግን መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ጠሩኝ።

«ቲቸር! ለኢጆሌዎቹ ይዘሽላቸው መጣሽ?»

ኢጆሌ ማለት በኦሮምኛ ልጆች ማለት ነው።

«አዎ አዴ» አልኳቸው። «ጠምቷቸዋል።»